በኮከቧ ገመድ ላይ የጨመርኳት ቋጠሮ

ውዴ መሪጌታ፤ እንዴት ሰነበትክ እንዳልልህ አንተ ካለህበት መልስ አይመጣም። እኔ ደህና ነኝ፤ ቁጣዬም ደህና ነው። ከተለየኸኝ ዓመት ሞላ። ባለፈው ወር ሙት ዓመትህን አወጣን። በሰው ፊት ሃያ ዓመት ሙሉ አንቱ ስልህ ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ግን በጓዳችን እንደምጠራህ አንተ ብዬ ነው የምጽፍልህ። ብራናው ካንተ የተረፈ ቁራጭ ነው። ቀለሙም አንተው የበጠበጥከው ነው፤ ደርቆ አገኘሁትና ውሃ ጠብ አድርጌ መለስኩት። አባቴ ዳዊት ሲያስደግመኝ ለሴት ልጅ ምን ይረባታል ይሉ የነበሩ ሁሉ ይኸው ይዩኝ።

ቤቱን ልንገርህ። ክረምቱን ጣሪያው አፍስሶ መከራዬን አሳየኝ፤ አሁን አዲስ ሣር አልብሼዋለሁ። ልጃችን መዘዞ አገር ባሏ ቤት ሴት ልጅ ወለደች፤ አፍንጫዋ ቁርጥ ያንተ ነው፣ ምስኪን። በቅሎህን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁ። ዛሬም በደጃችን ስታልፍ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ጎትተው ነው የሚወስዷት። የቅሉ ሐረግ አንተ ያሰርክለትን ጥቁር ማሰሪያ እንደያዘ አጥሩን ዘሎ ጎረቤት ገብቷል። ጥጃዋም አድጋ ወልዳለች፤ እሷ የታሰረችበትን፣ አንተ የሰጠኸኝን ገመድ አሁን ለልጇ አድርጌዋለሁ።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። እማሆይ ወለተ ሥላሴ ለሙት ዓመትህ ከደብረ ብርሃን ድረስ መጣች። መነኩሴ አንቱ ነው የሚባለው፤ አውቃለሁ፤ እኔ ግን እሷን አንቱ ለማለት አፌ አልታዘዝ ብሎኛል። መጥታ አለቀሰች። እንዴት አለቀሰች መሰለህ! ጎረቤቱ ሁሉ እኔን ትቶ እሷን ማጽናናት ያዘ። የገዛ ባሌ ሙት ዓመት ላይ ቁጭ ብዬ በሌላ ሴት እንባ ቀናሁ። አፈር ስሆን አትሳቅብኝ።

መቼም ታውቃለህ፣ ነገሩ ከጥንት የመጣ ነው። አባቷ መምህርህ ነበሩ። ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩህ እሷም ከጎንህ ቁጭ ብላ ቁጥሩን እንዳንተው ተማረች። ልታገባት ታስቦ እንደነበር የነገርከኝ አንተው ነህ፤ ደግሞም እንደ ቀልድ! እሷ ምንኩስናውን መረጠች፤ አንተም እኔን አገባህ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሷ የተረፈ ባል እንደደረሰኝ እያሰብኩ ነው የኖርኩት። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ይኸው አሁን ተናገርኩት።

ከዚያ፣ ከማረፍህ ቀደም ባለው መስቀል ሰሞን ያቺ ባለጭራ ኮከብ ወጣች። ሊነጋጋ ሲል ከቆላው በላይ፣ ጭራዋን እንደ መጥረጊያ ወደ ላይ ነስንሳ ስትታይ አንኮበር ተሸበረ። አንዱ ጦርነት ነው አለ፤ አንዱ ቸነፈር ነው አለ፤ ሌላው እላያችን ላይ ልትወድቅ ነው አለ። አንተ ብቻ፣ ቅርብ ትሁን ሩቅ ሳናውቅ ምን ያስጮኸናል አልክ። ከደጃችን አቁመህ ያሳየኸኝን አስታውሳለሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ከደጃችን ሲያዩት ከማዶው ተራራ በስተቀኝ ነው፤ ከምንጩ ሆነው ሲያዩት ደግሞ በስተግራ። ቅርብ ያለ ነገር የሚያየው ሰው ቦታ ሲቀይር እሱም የተንቀሳቀሰ ይመስላል፤ በጣም ሩቅ ያለ ግን ከየትም ቢያዩት ያው ነው አልከኝ። ስለዚህ አንድ ሰው አንኮበር ሆኖ፣ ሌላ ሰው አንድ ቀን መንገድ ርቆ፣ በአንድ ንጋት ኮከቧን ይለኳት። ልኩ አንድ ከሆነ ሩቅ ናት፤ ከተለያየ ቀርባለች። ገባኝ፤ ደስም አለኝ። ይህን ከኔ በቀር ለማንም እንዳልነገርክ አስቤ ኮራሁ።

ለካስ ያ ሌላው ሰው እሷ ኖራለች።

ከአንድ የወይራ ቅርንጫፍ ሁለት በትር ቆረጥክ። ሁለቱንም እኩል እኩል ጭረት ቀረጽክባቸውና አንዱን ለሷ ላክህ። ከአንድ ቅርንጫፍ! ሌላ እንጨት ጠፍቶ ነው? ቅዳሜ ቅዳሜ ሲነጋጋ አንተ እዚህ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድንጋይህ ላይ፣ እሷ እዚያ ከበአቷ ደጅ ትቆማላችሁ። በትሩን በእጃችሁ ትዘረጋላችሁ፤ ከዓይን የሚርቅበት ልክ እንዳይለዋወጥ በትሩ ላይ የታሰረችውን ክር በጥርስ ትነክሳላችሁ፤ ከባለጭራዋ እስከ አጠገቧ ደማቅ ኮከብ ድረስ ስንት ጭረት እንዳለ ትቆጥራላችሁ። እኔ አልጋ ላይ ነኝ። አንተ የተነሳህበት ቦታ ሲቀዘቅዝ በእጄ እዳብሰዋለሁ። በአንዲት ንጋት ሁለታችሁም አንዲት ነገር ታያላችሁ፤ እኔ ግን የማየው የጣሪያውን ጭስ የጠጣ እንጨት ነው።

እሷ የቆጠረችውን በጽሑፍ ብትልክልህ እኮ አነበው ነበር። የምትልከው ግን ገመድ ነው፤ ከጥቁር በግ ጠጉር ራሷ የፈተለችው፣ በቆጠረችው ልክ ቋጠሮ የተቋጠረበት። አያ ደስታ ጎረቤታችን ከደብረ ብርሃን ገበያ ሲመለስ ያመጣልሃል። አንተ ትቀበልና ቋጠሮውን አንድ በአንድ በጣትህ እየዳበስክ ፈገግ ትላለህ። እኔን ስታይ እንዲያ ፈገግ ያልከው መቼ ነው? ገመዱን አንድ ቀን ደብቄ አሸተትኩት። ሰም ሰም ይላል፤ የጧፍ ሽታ።

ስድስት ሳምንት ስድስት ገመድ መጣ። ስድስቱም ካንተ ልክ ጋር አንድ ሆነ። ኮከቧ ሩቅ ናት፤ ሰው ሁሉ አርፎ አዝመራውን ይሰብስብ አልክ። ሰው አመነህ። እኔ ደግሞ እናንተ ሁለታችሁ እንዲህ እኩል መሆናችሁ እርር ድብን አደረገኝ። አንድ ቀን እንኳ አትሳሳቱም?

ሰባተኛውን ገመድ አያ ደስታ ሲያመጣ አንተ ማኅሌት ላይ ነበርክ። ለኔ ሰጥቶኝ ሄደ። ቆጠርኩት፤ ዘጠኝ ቋጠሮ። በትርህም ላይ ምልክት ያደረግህበት ዘጠነኛው ጭረት ነው። እጄ እንዴት እንደታዘዘልኝ እንጃ፣ አሥረኛ ቋጠሮ ጨመርኩ። የፈለግኩት ትንሽ ነገር ነበር፤ እሷ ተሳሳተች እንድትል፣ ፊትህን ኮስተር እንድታደርግባት ብቻ። ማንንም አታስለቅስም ብዬ ያሰብኳት አንዲት ቋጠሮ!

አንተ ግን እሷ ልትሳሳት ትችላለች ብለህ አላሰብክም። ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ገመዱን ከበትርህ አስተያየህ፣ ደግመህ ቆጠርክ፣ ፊትህ አመድ መሰለ። ከሷ ቁጥር ይልቅ ሰማዩ ተሳሳተ ብለህ አመንክ። ኮከቧ ቀርባለች አልክና ወጥተህ ለካህናቱ ነገርክ። ምህላ ተያዘ። ሰው ማጭዱን ጣለ፤ ገሚሱ ልጆቹን ይዞ ወደ ዘመድ ሄደ። እኔ ያን ሁሉ እያየሁ፣ ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል ውርጭ ወርዶ የአያ ደስታን ገብስ በማሳው ላይ አቃጠለው።

ምህላው ሳያልቅ አንተ ጋቢህን ተከናንበህ በእግርህ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣህ። ጉድ በል! ከሷ ላርቅህ ብዬ የቋጠርኳት ቋጠሮ ከደጇ ወስዳ ጣለችህ። እዚያ ምን እንደተባባላችሁ አላወቅሁም። በሦስተኛው ቀን ያን ሳል ይዘህ ተመለስክ። ቀጥታ ወደ ሰንበቴው ገብተህ በሰው ሁሉ ፊት፣ የቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ፤ ኮከቧ ሩቅ ናት አልክ። አያ ደስታ ተነስቶ የተናገረህን ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ በዓል መች እንደሚውል እንኳ አንተን የሚጠይቅህ ሰው ጠፋ። ቁጥር ያስተማርካቸው ሰዎች ሳይቀሩ ኮከብ አውራጁ እያሉ ሲስቁብህ ራስህን ዝቅ አድርገህ ታልፍ ነበር። እኔ ውሃህን አሞቅሁ፣ ደረትህን በቅቤ አሸሁ፤ ያችን አንዲት ቃል ግን አልተነፈስኩም። ሳሉ በጋውን ለቀቅ፣ ክረምቱን ጠበቅ እያደረገ ይዞህ ሄደ። ሳያውቅ ሞተ ብዬ በሌሊት አለቅስ ነበር፤ ሳያውቅ በመሞቱም ተመስገን እል ነበር።

እና እሷ በሙት ዓመትህ ማግስት፣ ልትሄድ ስትል፣ ወደ ጓዳ ጠራችኝና ሁሉን አፈረጠችው። አንተ ደጇ በደረስክበት ቀን ገመዱን ከፊቷ ስትዘረጋው ዘጠኙ ቋጠሮ ወደ ቀኝ የዞረ፣ አሥረኛው ወደ ግራ የዞረ መሆኑን አይታለች። እሷ እንደዚያ እንደማታስር ነገረችህ። አንተም ቋጠሮዋን በጣትህ ዳበስካት። ግራኝ እኔ ነኛ! የጋቢህን ጥለት ጫፍ የምቋጥርልህ፣ ቀበቶህን የማስርልህ በግራ እጄ ነው። አወቅህ። ለማንም እንዳትነግር አስምለሃት፣ ስህተቱን ወስደህ በራስህ ላይ ጭነህ መጣህ።

ይቅር እንዳልከኝ በመስማቴ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አይደል? መጀመሪያ የመጣብኝ ግን ቅናት ነው። የኔና ያንተ ሊሆን የሚገባውን ምስጢር አንድ ዓመት ከምናምን ሙሉ የያዘችው እሷ ናት። ምሕረትህን እንኳ በሷ እጅ ተቀበልኩ። እቤቴ ሆነህ፣ ከጎኔ ተኝተህ፣ አንቺ ነሽ ብለህ ብትቆጣኝ ምን ነበር? በሞቴ፣ ዱላም ብታነሳብኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ደግሞ እንዳይበቃት፣ የላከቻቸውን ገመዶች ለመታሰቢያ እንድሰጣት ጠየቀችኝ። የት እንደገቡ አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነበር።

እሷን ከሸኘሁ በኋላ ዳዊትህን ለቤተ ክርስቲያን ልሰጥ ማኅደሩን ከግድግዳው አወረድኩ። ካረፍክ ወዲህ ያን ቆዳ ለመክፈት አንጀት አልነበረኝም። መጽሐፉን ሳወጣ ከሥሩ አንድ ጥቁር ገመድ ተጠቅልሎ ወጣ። ቆጠርኩት፤ አሥር ቋጠሮ። አንዷ ወደ ግራ የዞረች።

የቀሩትን ፍለጋ ቤቱን ሁሉ አመሰቃቀልኩ። ከዚያ ደጅ ወጥቼ ቆምኩ። ቅሉ የተንጠለጠለበት ጥቁር ማሰሪያ ላይ ቋጠሮ አለ። የጥጃዋ ገመድ አምስት ጥቁር ገመድ አንድ ላይ የተገመደ ነው፤ እሱም ቋጠሮ በቋጠሮ ነው። አንተው በእጅህ ሰጥተኸኝ፣ እንኪ በዚህ እሰሪያት ስትለኝ ተቀብዬህ አስሬያታለሁ። በቅናት የታወረ ዓይኔ አላየውም! እዚያው አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ እየሳቅሁም እያለቀስኩም አመሸሁ።

እሑድ ሰንበቴ ላይ ተነሳሁ። ቋጠሮዋ የኔ ናት፤ መሪጌታ ልክ ነበር፤ ኮከቧም ሩቅ ነበረች አልኩ። በምን ምክንያት እንዳደረግሁት ሲጠይቁኝ በቅናት ነው አልኩ፤ በማን እንደቀናሁም ተናገርኩ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። አያ ደስታ ተነስቶ ካንተ ስም በፊት መሪጌታችን የሚል ቃል አስገብቶ ነፍስ ይማር አለ። ለኔ ምንም አላለኝም፤ አልፈረድኩበትም። አሁን ኮከብ አውራጅ የምባለው እኔ ነኝ። ምንጭ ስወርድ ከኋላዬ ይሉኛል። ይበሉ፤ ስሙ ካንተ ላይ ወርዷል።

ለእማሆይ በትርህን ላክሁላት። ያው ከአንድ ቅርንጫፍ ስለሆኑ አብረው ይቀመጡ። ገመዱን ግን አልሰጣትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲነጋጋ ይዤው ድንጋይህ ላይ እቀመጣለሁ። ባለጭራዋ የለችም፤ ሄዳለች። እኔ ግን ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ እየዳበስኩ እቆይና የግራዋ ላይ ስደርስ ጣቴን አቆማለሁ። አንተም እዚያች ላይ እንዳቆምክ ይሰማኛል። እስከ ዕለተ ሞቴ አልፈታትም፤ ስቀበርም ከማተቤ ጋር ታስራ እንድትገባ ለልጃችን ነግሬያታለሁ።

እሷ ልክ የቆጠረችልህን ሁሉ የጥጃና የቅል ማሰሪያ አደረግከው። የኔን ስህተት ግን ከዳዊትህ ጋር አስቀመጥክ። ይህን አልረሳልህም፣ መሪጌታዬ።

ግራኟ ሚስትህ