በበራችን ላይ ስለተለጠፈው ቀይ ወረቀት

ይድረስ ለክቡር የመብራት አገልግሎት የቁጠባ ዘመቻ ኃላፊ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ የተሟላ፣ ትንፋሽዎም መቼም የማይቆራረጥ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከእናቴ ጋር የምኖር አናጢ ስሆን፣ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ቀደም ብዬ በግል የላክኋቸው የት እንደገቡ ሊታወቅ ስላልቻለ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። ያሳተሙትን ወረቀት አንብበን አምፖሉን ሁሉ በቆጣቢው ቀየርን፤ ልብስ ተጠራቅሞ በሳምንት አንዴ እንዲተኮስ፣ የማቀዝቀዣውም በር እንደ ባንክ ካዝና ታስቦበት እንዲከፈት አደረግን። የወር ሂሳባችን ቀነሰ። ምክሩ ጥሩ ነበር፣ እዚያው ላይ ቢያበቃ ኖሮ።

ሁለተኛ፣ እዚያ ላይ አላበቃም። ሠራተኞችዎ ቤት ለቤት እየዞሩ ጥቂት በሚጠቀም ሰው በር ላይ አረንጓዴ፣ ብዙ በሚጠቀም ላይ ደግሞ «አባካኝ ቤት» የሚል ቀይ ወረቀት ሲለጥፉ፣ በገዛ እጄ ጠርቤ በሠራሁት በር ላይ ያረፈው ቀዩ ነው። ምክንያቱን ቢጠይቁን፣ እናቴ ሳንባዋ ደክሞ ቀን ከሌት በኦክስጅን ማሽን እንደምትተነፍስ፣ ማሽኑም ያለ መብራት እንደማይሠራ እንነግራቸው ነበር። ነገር ግን እርስዎ የላኩልን ለጣፊ እንጂ ጠያቂ አልነበረም።

እናቴን ስለማያውቋት አልፈርድብዎትም። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልብስ ሰፍታ ያሳደገችኝ፣ ከጎረቤት ክር እንኳ ተበድራ የማታውቅ ሴት ናት። አንዲት ጎረቤታችን በሩ ላይ ቆማ እናንተማ መብራቱን ጠጣችሁት ብላ ቀልዳ አለፈች፤ እናቴ ግን አልሳቀችም። ለካ ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ለሥራ ስወጣ ማሽኑን ታጠፋው ኖሯል። ወረቀትዎ «የማያስፈልግዎን ያጥፉ» ይላልና፣ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አይታ የማያስፈልገው የራሷ ትንፋሽ ሆኖ አገኘችው። አንድ ቀን የረሳሁትን መጋዝ ልወስድ ብመለስ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ ወንበሯ ላይ ተዝለፍልፋ ደረስኩባት። ይኸው አሁን ሆስፒታል ተኝታለች።

ሦስተኛ፣ እሷን አስተኝቼ ቀዩ ወረቀት ይነሣልን ለማለት ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበርና፣ ስለተደረገልኝ አቀባበል ምስጋናዬ ይድረስዎ። በጠራራ ፀሐይ መብራቱ ሁሉ ቦግ ብሏል፤ የአየር ማቀዝቀዣው ከልክ በላይ ስለሚያበርድ ጸሐፊዎ ካፖርት ደርባለች፤ ካፖርቱም አልበቃ ስላላት ሙቀት እንዲገባ መስኮቱን ከፍታለች። ቆጣሪ የታመመና ያልታመመ አይለይም ብላ በትሕትና አሰናበተችኝ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው። ክቡርነትዎ ይቅር ይበሉኝና፣ ከቢሮዎ ስወጣ የተሰማኝ ንዴት ሳይሆን መጠየፍ ነው፤ ከዚህ የለዘበ ቃል ፈልጌ አጣሁለት።

ቤትዎ ከብርሃን እንዳይጎድል፣ በርዎንም ሳያንኳኳ ወረቀት የሚለጥፍበት ሰው እንዳይመጣ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
የአባካኟ እናት ልጅ

ማስታወሻ፦ እናቴ ሆስፒታል ከገባች ወዲህ ፍጆታችን ስለወረደ፣ ሠራተኛዎ ትናንት መጥቶ በቀዩ ላይ አረንጓዴ ለጥፎልናል። «እንኳን ደስ ያላችሁ» ይላል። እናቴ የፊታችን ሐሙስ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ቤቱ የተመሰገነው እሷ ስለወጣችለት መሆኑን በገዛ በሯ ላይ እንድታነብ አልፈልግም። በቢላዋም በውኃም ብፍቀው አልለቅ አለኝ፤ ከመሥሪያ ቤታችሁ ነገር ሁሉ ሥራውን በአግባቡ የሚሠራው ሙጫው ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ በሩን ከነማጠፊያው ነቅዬ ዛሬ ጠዋት ቢሮዎ ደጃፍ ላይ አቁሜልዎታለሁ። እኔ ለእናቴ እስከ ሐሙስ ሌላ እሠራለሁ።