የሌተና ኮሎኔል ጓንጉል ጥበቡ የሕይወት ታሪክ እና ለእህታቸው ዘግይቶ የደረሰ መልስ

ሌተና ኮሎኔል ጓንጉል ጥበቡ ከአባታቸው ከአቶ ጥበቡ ወልደሰማያት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሥርጉት ደምሰው በ1938 ዓ.ም. በዲላ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከሰሜን መጥተው በማዘጋጃ ቤት በጸሐፊነት ያገለገሉ ሰው ነበሩ። ከኮሎኔሉ ስምንት ዓመት ዝቅ ብለው የተወለዱት ብቸኛ እህታቸው ወይዘሮ አሰገደች ናቸው። በክረምት ወንዝ ሲሞላ ወንድማቸው ትከሻቸው ላይ አድርገው ያሻግሯቸው እንደነበር ወይዘሮ አሰገደች ዛሬም ይመሰክራሉ፤ ይህም እንዲጻፍ ያዘዙት እሳቸው ናቸው።

ኮሎኔሉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በዲላ፣ ሁለተኛ ደረጃን በይርጋለም ተከታትለዋል። በ1956 ዓ.ም. ወደ ጦር መኮንንነት ሥልጠና ገብተው በ1959 ዓ.ም. በምክትል መቶ አለቅነት ተመረቁ። ደፋር፣ ሥርዓት አክባሪና ንግግር አዋቂ እንደነበሩ አብረዋቸው የሠለጠኑ ይናገራሉ። በ1965 ዓ.ም. ከወይዘሮ የትምወርቅ ጋር ትዳር መሥርተው ሉሲንና ሠረቀብርሃንን ወልደዋል። ትዳሩ በ1988 ዓ.ም. በስምምነት ፈርሷል።

ወይዘሮ አሰገደች በ1967 ዓ.ም. የጪጩ ተወላጅ የሆኑትን አስተማሪ በፍቃዱ ዱካለን አገቡ። አስተማሪ በፍቃዱ የጌዴኦ ገበሬ ልጅ፣ በጸሎት ቤታቸውም መዘምራንን የሚመሩ ሰው ነበሩ። ኮሎኔሉ በሠርጉ አልተገኙም። ምክንያታቸውንም አልደበቁም፤ እህታቸው ከዘርም ከሃይማኖትም ወጥታለች ብለው ለዘመድ ሁሉ ተናገሩ። በ1970 ዓ.ም. ቤቴል ስትወለድም ሊጠይቁ አልመጡም።

በ1969 ዓ.ም. ኮሎኔሉ በሻምበልነት ማዕረግ በትውልድ አካባቢያቸው የጦር ኃላፊ ሆነው ተመድበው ነበር። በኅዳር 1971 ዓ.ም. አስተማሪ በፍቃዱ ከክፍል ውስጥ ተወሰዱ። ጠመኔው እጃቸው ላይ እንደነበረ ተማሪዎቻቸው ያስታውሳሉ። ወይዘሮ አሰገደች የአሥር ወር ሕፃን አዝለው ወንድማቸው ቢሮ በር ላይ አራት ቀን ተቀመጡ። በአምስተኛው ቀን ኮሎኔሉ ወጥተው እንዲህ አሏቸው፦ «ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ ተልኳል። ዕድለኛ ነሽ፣ ቤትሽ ግቢ።» በዚያ ዘመን ለትምህርት ወደ ውጭ የሚላክ ብዙ ስለነበር፣ የተናገሩትም የገዛ ወንድማቸው ስለነበሩ፣ ወይዘሮ አሰገደች አመኑ። ቤታቸው ገቡ።

ኮሎኔሉ በ1973 ዓ.ም. ወደ ዲፕሎማሲ ሥራ ተዛወሩ። በመጀመሪያ ወታደራዊ አታሼ፣ በኋላም ቆንስል ሆነው በሦስት አገሮች አገልግለዋል። በዚህ ሥራ የተዋጣላቸው መሆኑን መካድ አይቻልም። በተለይ ምርኮኛ በማስለወጥና በጦር ሜዳ የወደቁ ሰዎችን መቃብር ከባላጋራ ጋር ተደራድሮ በማወቅ ስማቸው የተነሣ ነበር። አንድ ጊዜ ሰባት ወር ተደራድረው የአርባ አንድ የውጭ አገር ወታደሮችን መቃብር በስም ለይተው ለቤተሰቦቻቸው አስረክበዋል። የእነዚያ ወታደሮች እናቶች የላኩላቸው የምስጋና ደብዳቤ በመስተዋት ተደርጎ ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቅሎ ኖሯል።

በእነዚሁ ዓመታት ወይዘሮ አሰገደች ወንድማቸው ውጭ አገር መሆናቸውን እንደ ትልቅ ዕድል ቆጥረው ባለቤታቸውን እንዲያፈላልጉላቸው ይጽፉላቸው ነበር። ኮሎኔሉም ይመልሱ ነበር። ማኅተም ባለበት የኤምባሲ ወረቀት ላይ «ጉዳዩን በሚመለከተው አካል በኩል እየተከታተልን ነው» የሚሉ ዘጠኝ ደብዳቤዎች ዛሬም በወይዘሮ አሰገደች ሣጥን ውስጥ አሉ። ጽሑፋቸው ያማረ ነው። አንዱም እውነት አይደለም።

ይህ ለእህታቸው ምን እንዳደረገ የዚህ እድር አባላት ከማንም በላይ ያውቃሉ። እድራችን በወር አንድ ጊዜ ስም ሲጠራ አስተማሪ በፍቃዱ ዱካለ ተብሎ ይጠራል፤ ያልሞተ አባል አይሰረዝምና። ወይዘሮ አሰገደች ተነሥተው «ውጭ አገር ናቸው» ይላሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ አባል ሰውየው ፕሮፌሰር ሆኖ ሊመለስ ነው ብለው ቀልደው ሰው ስቆ ነበር። ወይዘሮ አሰገደችም አብረው ስቀዋል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ማንም አልቀለደም። ሚስትም ሳይሆኑ፣ ባሏ የሞተባትም ሳይሆኑ፣ ለቅሶ ሳይቀመጡ፣ በየወሩ ተነሥተው ያንኑ መልስ ሲመልሱ አርባ ስድስት ዓመት ሆናቸው።

ኮሎኔሉ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከሥራ ተሰናብተው አዲስ አበባ ተቀመጡ። ወይዘሮ አሰገደች በዓመቱ ሄደው ፊት ለፊት ጠየቋቸው። ጉዳዩ የመንግሥት ምስጢር ነው ተባሉ። ያ መንግሥት ከሌለ ዓመት አልፎት ነበር። ወይዘሮ አሰገደች ወንድማቸው እንደሚያውቁ ያወቁት ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የጪጩ ሽማግሌዎች ኮሎኔሉን ወደ ሶንጎ ሦስት ጊዜ ጠሯቸው። በጌዴኦ ምድር በደል የሚነገረውና የሚፈታው በሶንጎ፣ በሽማግሌዎች ፊት ነው። የባዕድ አገር ጄኔራሎችን ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀመጡት ኮሎኔል በተወለዱበት አገር ሽማግሌ ፊት ለመቀመጥ ፈቃደኛ አልሆኑም።

በ2015 ዓ.ም. ኩላሊታቸው ታመመ፤ ቀኝ ጎናቸውም አልታዘዝ አለ። ወስዶ የሚያስታምማቸው ሲጠፋ ወይዘሮ አሰገደች መኪና ተከራይተው ዲላ አመጧቸው። ሁለት ዓመት አጥበዋቸዋል፣ አጉርሰዋቸዋል። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ጥያቄውን አንድም ቀን አላነሡም። ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ያውቀዋል፣ ምን ብዬ አስታውሰዋለሁ ብለዋል።

በዚህ በያዝነው ጥር ወር መጀመሪያ ኮሎኔሉ ልናገር አሉ። ወይዘሮ አሰገደች ለብቻዬ አልሰማም ብለው ከጪጩ አምስት የሶንጎ ሽማግሌዎች አስመጡ። ጥር 9 ቀን ሽማግሌዎቹ አልጋቸውን ከበው ተቀመጡ። ኮሎኔሉ እንደ ልማዳቸው ሦስት ቅድመ ሁኔታ አቀረቡ፦ በሕይወት ሳሉ እንዳይወራ፣ በወረቀት እንዳይሰፍር፣ ስማቸውም እንዳይጠራ። የሽማግሌዎቹ አንጋፋ «ልጄ፣ እዚህ የምትደራደረው ከማን ጋር ነው?» አሏቸው። ወይዘሮ አሰገደች የመጀመሪያውን ብቻ እቀበላለሁ፣ ሌላውን አልቀበልም አሉ። አርባ ስድስት ዓመት የጠበቁ ሰው ጥቂት ቀን መጠበቅ አላቃታቸውም።

ኮሎኔሉም ተናገሩ። አስተማሪ በፍቃዱ በተወሰዱ በሦስተኛው ሌሊት ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር በጥይት ተገድለዋል። «ፈርሜ ያስረከብኩት እኔ ነኝ» አሉ። እህታቸው በራቸው ላይ ተቀምጠው በነበሩበት በአራተኛው ቀን ሥራው አልቆ ነበር። የተቀበሩበትንም ቦታ ተናገሩ፤ ወደ ገደብ ከተማ በሚወስደው መንገድ፣ ከአሮጌው ድልድይ በላይ፣ በግራ በኩል ነው።

ጥር 15 ቀን ወይዘሮ አሰገደች፣ ልጃቸው ቤቴልና ሽማግሌዎቹ ወደ ቦታው ሄዱ። አሁን የአቶ ወንድይፍራው የቡና ማሳ ነው። ቡናው፣ እንሰቱና ዛፉ እጅ ለእጅ ተያይዞ ሲያበቃ መካከሉ ላይ ሦስት ሰው የሚያስተኛ ባዶ መሬት አለ። ሽማግሌዎቹ ምክንያታቸውን ሳይናገሩ ስለ ባዶው መሬት ጠየቋቸው። አቶ ወንድይፍራው እንዲህ አሉ፦ «አባቴ እዚህ ላይ ምንም እንዳትተክሉ ብሎ አደራ ሰጥቶናል። ለምን እንደሆነ አልነገረንም፤ እኛም አልተከልንም።» አቶ ወንድይፍራው ዛሬ በዚህ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል። የአባታቸውን ምክንያት የሚሰሙት አሁን፣ ከሁላችን ጋር ነው።

ሌተና ኮሎኔል ጓንጉል ጥበቡ ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ንጋት ላይ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው በእህታቸው ቤት አረፉ። ይህ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ለልጆቻቸው ተነብቦላቸዋል። ወይዘሮ ሉሲ በስልክ፣ አባቴን በገዛ ቀብሩ ላይ ልትከሱት ነው ወይ ብለው ጠይቀው ነበር። ወይዘሮ አሰገደች «አይደለም ልጄ፣ ራሱ የተናገረውን ነው የምናነበው» አሏቸው። ወይዘሮ ሉሲም እንደተጻፈው ይነበብ ብለዋል።

ኮሎኔሉ ሁለት ልጆች፣ ሦስት የልጅ ልጆችና አንዲት እህት ትተው አልፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ይፈጸማል። እውነቱን ይዘው አልሄዱም፤ ይህ ይመዝገብላቸው። አርባ ስድስት ዓመት ይዘውት ኖረዋል፤ ይህም ይመዘገባል። ሁለቱን አመዛዝኖ የሚፈርደው እግዚአብሔር ነው፤ እሱ ለነፍሳቸው ይራራላቸው።

የእድራችን ዳኛ አቶ ሙሐመድኑር እንዳስታወቁት፣ ከቀብር መልስ ድንኳኑ አይፈርስም። ወይዘሮ አሰገደች ዛሬ በእህት ወንበር ተቀምጠዋል፤ ነገ ጠዋት በዚሁ ድንኳን በሚስት ወንበር ይቀመጣሉ። በሚቀጥለው ወር የአስተማሪ በፍቃዱ ዱካለ ስም አይጠራም፤ ተነሥተው የሚመልሱትም መልስ አይኖርም። አስተማሪ በፍቃዱ ውጭ አገር አልሄዱም። ከዚህ ተነሥተው የደረሱት ገደብ መንገድ ድረስ ብቻ ነው።

ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን። ለለቅሷቸው ነገ እንድትመጡ ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰገደች ጥበቡ እና ልጃቸው ቤቴል በፍቃዱ በአክብሮት ይጠሯችኋል።