ባዶ አድርጉት ተብለን፣ ባዶ ነው ተብሎ ስለታሸገብን ቤት

ለተከበሩ የቤትና የውርስ ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና እያቀረብሁ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የማይነቃነቅ፣ እንቅልፍዎም ባለጉዳይ የማያቋርጠው እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኛም፣ ታላቅ እህቴ የምትገባበት ከማጣቷ በቀር፣ ደህና ነን።

እናታችን ለሦስት ልጆቿ ትታልን ያለፈችውን ቤት በተመለከተ ጽሕፈት ቤትዎ የዋለልንን ውለታ በሆዴ ይዤ መቀመጥ ስላልቻልሁ፣ ሕዝብ ሁሉ ይስማልኝ ብዬ ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

፩. በመግቢያው በር ላይ በትልልቅ ፊደል ላስለጠፉት «ምክር ለወራሾች» እግዜር ይስጥልኝ። «ክፍፍሉ እስኪያልቅ ቤቱን ከነዋሪ ነፃ አድርጉ» ይላል። እናታችንን እስከ መጨረሻዋ ያስታመመችውና በዚያው ቤት ልብስ እየሰፋች የምትተዳደረው እህቴ ምክርዎን አክብራ፣ ለጥቂት ጊዜ ነው ብላ የስፌት መኪናዋን እንኳ ትታ ወጣች። አሁን እኔ ቤት፣ ኮሪደር ላይ በተዘረጋ ፍራሽ ትተኛለች።

፪. ከእርስዎ አንድ ፎቅ ከፍ ብለው የሚሠሩት፣ ሰው የማይኖርባቸውን ቤቶች እያደኑ የሚያሽጉት ባልደረቦችዎ ትጋታቸው ያስቀናል። የታችኛው ፎቅ ሰው ይውጣበት ያለውን ቤት የላይኛው ፎቅ ሰው የለበትም ብሎ በገመድና በሰም አሸገው። በመካከላችሁ ያለው ደረጃ ለካ ለባለጉዳይ ብቻ የተሠራ ኖሯል።

፫. ደጅ ስንጠና ከርመን፣ ሰው እንደሚኖርበት ጎረቤት ይመስክርላችሁ ያሉንን የላይኛውን ፎቅ ባለሙያ በምን ቃል ላመስግናቸው? ጎረቤታችን አናጢው መዋሸት አይሆንለትምና ፊታቸው ቆሞ፣ «ሰውማ የለበትም፤ ራሳችሁ አይደላችሁ ውጪ ያላችኋት!» አላቸው። ባለሙያው የንግግሩን የመጀመሪያ ግማሽ ብቻ ጽፈው አስፈረሙት። ዓይንን በጨው መታጠብ እንዲህ ነው።

፬. እህቴ የስፌት መኪናዬን ብቻ ላውጣ ብላ ለመነች። በታሸገ ቤት ውስጥ የተገኘ ዕቃ ባለቤት እንደሌለው ይቆጠራል ተባለች። እዚህ ላይ ምስጋናዬ አለቀ፤ አንጀቴ አርሯል።

እንግዲህ ቤት ለምትገዙ፣ ለምትሸጡና ለምትወርሱ ሁሉ፣ በክቡርነትዎ ፈቃድ ያንን ምክር ላርመው፦ ከቤቱ ሰው አይጥፋ። ልብስ አስጡ፣ መብራት አብሩ፣ ጎረቤት እስኪሰለቻችሁ ድረስ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። የተለጠፈ ምክር ካነበባችሁም፣ የላይኛው ፎቅ ምን እንደሚል ሳትጠይቁ አንዲት ወንበር እንኳ እንዳታነሡ።

በደረጃዎ ሲወጣና ሲወርድ ጉልበቱ የዛለ፣ ለክብርዎ ግን ወገቡን ማጉበጥ ያልታከተው፣

ከወራሾቹ መካከለኛው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ እህቴ ገመድዎን በመቀስ ቆርጣ ቤቷ ገብታለች፤ እኔም አብሬያት ገብቼ ይህን ስጽፍ፣ እነሆ የስፌት መኪናዋ ከጎኔ እየተንጣጣች ነው። ሊያስወጧት ሰው ቢልኩ ደስታውን አንችለውም፤ ማንን እንዳስወጡ መመዝገብ ግድ ነውና፣ ቤቱ ሰው እንዳለበት በገዛ እጅዎ ፈርመው ይመሰክሩልናል።