የተቀየረው የቤታችን ቁጥር

ሎንግሪች፣ ዲሴምበር 3 ቀን 2019

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለኬሮድ፣

ያለህበት አገር ብርዱ እንዴት ይዞሃል? እኔ ሙቀቱ እንደ ዳቦ ቢጋግረኝም አለሁ። ይህን የጻፈው ማን መሰለህ? እኔው አባትህ! የማታ ትምህርቴን ጨርሻለሁ። አስተማሪያችን ታምሲን «ክላሪ፣ እጅህ የአፍህን ያህል ቢፈጥን ኖሮ መጽሐፍ ትጽፍ ነበር» ብላኛለች። በግ በመሸለት ማንም ያልቀደመኝ ሰው በፊደል ልቀደም እንዴ?

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። እናትህን ከቀበርን በኋላ ተኳርፈን ስትሄድ፣ ክፍልህ ውስጥ ያለውን፣ ከጓደኞችህ ጋር በኢንተርኔት እየገባችሁ የምትጫወቱበትን የጌም ሰርቨር እንደበራ ትተኸው ሄድክ። አልነካሁትም፤ አቧራውን ብቻ እጠርግለታለሁ። አንዳንድ ቀን ስምህ ስክሪኑ ላይ በአረንጓዴ ብቅ ሲል «ገብቷል፤ ደህና ነው ማለት ነው» እልና ሻዬን እጠጣለሁ። መጀመሪያ ማንበብ የቻልኩት ቃል ያ ስም ነው። ለታምሲን ግን አልነገርኳትም።

ባለፈው ወር ዝናብ የሌለው መብረቅ መጣ። እንደ ልማዳችን ሶኬቱን ሁሉ ነቀልኩ፤ ሰርቨሩንም፣ ኢንተርኔት የሚያመጣውን ሞደምም። ሲያልፍ መልሼ ሰካሁ፤ መብራቱ ሁሉ በራ። አንተ ግን አልመጣህም። ጓደኞችህም ቀሩ። ጎረቤታችን ሜርቭ አጥሩን ተደግፎ «ምን አደረግካቸው፣ አንተ ሽማግሌ? ጉራህን ሰምተው ሸሹ እንዴ?» አለኝ። ሳቅሁለት።

ኢንተርኔት የሚያስገቡልን ሰዎች ዘንድ ደወልኩ።

«አባባ፣ ሞደሙ ሲነቀል የቤቱ የኢንተርኔት ቁጥር ይቀየራል» አለችኝ ልጅቷ። «እንግዶችዎ የሚያንኳኩት በድሮው ቁጥር ነው።»

«ታዲያ የድሮውን መልሺልኛ!»

«ለሌላ ቤት ተሰጥቷል።»

ስለዚህ ልጄ፣ ተቆጥቼ የዘጋሁብህ እንዳይመስልህ። የድሮ ስልክህ አይሠራም። አክስትህ ሼሪልም አድራሻህን ሰጥታኝ «ከዚህ በላይ በመካከላችሁ አልገባም» አለች። አዲሱ ቁጥር 203.0.113.86 ነው። ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ስህተት የለበትም።

ጌሙ ላይ የሠራኸው ከተማ ውስጥ መግባትም ተምሬያለሁ። አሁን ከንቲባው እኔ ነኝ፤ የሚያማኝ ነዋሪ እንኳ የለኝም እንጂ።

ደብዳቤው እስኪደርስህ ሳምንታት ይፈጃል። ሰማዩ ደግሞ ዛሬም ጠቁሯል። ሜርቭ የራሱን ነቃቅሎ «ክላሪ፣ ንቀል እንጂ! ቤትህ እኮ ጣውላ ነው!» እያለ ከአጥሩ ማዶ ይጮኻል። ብነቅለው የጻፍኩልህ ቁጥር ውሸት ይሆናል።

አልነቅልም።

በሄድክበት ሁሉ የሚያስጠጋህ ሰው አይጥፋ። እግዜር ክፉ አያሳይህ።

ጉረኛው አባትህ
ክላሪ