የክብር እንግዳው ወንበር

ኅዳር 4/2001፣ ጠዋት
ዛሬም አንሶላ አጠብኩ። የሚተኛበት የለም። ፈረንጅ አገር ባንኩ ሁሉ ወድቋል አሉ፤ ቱሪስት ቀረ። ሆቴላችን ግማሹን ሠራተኛ አሰናበተ። ወጥ ቤቱም አልጋ ክፍሉም እኔው ነኝ። ጤፍ አይቀመስ።
አንድ እንግዳ ብቻ ገባ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው፣ ማስታወሻዬ? ኢንጂነሩ! ዓምና ባለቤቴ፣ ደሴ፣ ግንበኛ ሆኖ ይሠራበት የነበረውን የእንግዳ ማረፊያ፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ብቅ እያለ፣ ደህና ነው ብሎ የፈረመው። ግንቡ ተናደ። የደሴን ወገብ ሰበረው፤ ይኸው ከአልጋ አልተነሣም።
አላወቀኝም። ቁልፉን ሰጠሁት።

ኅዳር 5፣ ከሰዓት
ኢንጂነሩ እዚህ አጠገባችን፣ ገነተ ማርያም ቀበሌ፣ አዲስ ት/ቤት እያሠራ ነው። የእህቴ ልጆች የሚማሩበት። ከመኪናው ሳይወርድ አይቶ ይመለሳል አሉ። የአንድ ቀን አበሉ የእኔ የወር ደሞዝ።
ወረዳ ጽ/ቤት ሄድኩ፤ ግንቡን ሄዳችሁ እዩልን አልኩ። ተቆጣጣሪው ጨዋ ልጅ ነው። መኪና የለንም አለኝ። የሚሠራውም እሱ፣ ጥሩ ነው የሚለውም እሱ፤ እኛ ማኅተም ነው የምናሳርፍ አለኝ። ደሴ የተሰበረ ጊዜም ያሉኝ ይህንኑ ነው።
ማታ የማቀርብለት ሾርባ ውስጥ ምን ልጨምርበት? አሰብኩ። አዎ፣ አሰብኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ። አይ፣ ዛሬስ ይቅርታ አልለምንም።

ኅዳር 7
ደሴን አጠብኩት፣ አገላበጥኩት። ሰውየው እዚህ እንዳለ ነገርኩት። ለእግዜር ስጭው አለኝ። ተናድጄ ወጣሁ።

ኅዳር 9
እህቴ መጣች። የት/ቤቱ ግድግዳ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቶ፣ ሠራተኞቹ በሲሚንቶ ለስነው ሸፈኑት አለች። ሐሙስ ርክክብ ነው። ምሳውን የሚያቀርበው የእኛ ሆቴል። አብሳይዋ ማን? እኔ! ሳቄ መጣ። መርዙን ተውኩት። የተሻለ አገኘሁ።

ኅዳር 11፣ ከሰዓት
አሁን መግባቴ ነው። ሳይቀዘቅዝ ልጻፈው።
ሰዉን ሁሉ ሜዳው ላይ አስቀመጥኩ። አንዲት ወንበር ብቻ፣ ለክብር እንግዳው ለኢንጂነሩ የተዘጋጀችውን፣ ከተሰነጠቀው ግድግዳ ሥር አኖርኩ። ኢንጂነሩ መጣ። ቀና ብሎ አዲሱን ልስን አየ። ወንበሩን ወደ ሜዳው አውጭልኝ አለ። ፀሐይ ነው ጌታዬ፣ ጥላው ይሻልዎታል አልኩ። አውጭው አልኩሽ!
ያኔ ጮክ አልኩ፦ «ልጆቻችን ዓመት ሙሉ የሚቀመጡበት ነው። እርስዎ ምሳ እስኪበሉ ምን ይሆናሉ?»
የደብሩ አለቃ፣ አባ ገብረየስ፣ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ተቀመጥ እንጂ ልጄ፤ የፈረምህበት አይደል?»
አልተቀመጠም። ላብ በላብ ሆነ። ወላጆች ተንጫጩ፤ ልጆቻችንን አናስገባም አሉ። ያ የወረዳው ተቆጣጣሪ ማኅተሙን ወደ ቦርሳው መለሰ። ኢንጂነሩ ሳይበላ ወደ መኪናው። ተከተልኩት። የደሴ ሚስት ነኝ አልኩት። የትኛው ደሴ? አለኝ።
የትኛው ደሴ!

ኅዳር 13
ተባረርኩ። ጠብቄው ነበር። ሰውየው በአውሮፕላኑ ሄደ፤ ነገ ሌላ አገር ሌላ ግንብ ይፈርማል። ት/ቤቱ እንደተዘጋ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አንጀቴ አልራሰም።
ለደሴ አንድ በአንድ ነገርኩት። ወንበሯ ላይ ስደርስ ሳቀ፤ ከተሰበረ ወዲህ ሲስቅ አልሰማሁትም። «የትኛው ደሴ» ያለውን ስነግረው ግን ሳቁ ቆመ። ከዚያ፣ ለእግዜር ስጭው ያለኝ ሰውዬ፣ ወልድያ ፍ/ቤት በምን ይኬዳል አለኝ።
ሰኞ እስከ ጋሸና መገንጠያ የሚጭነን መኪና እለምናለሁ። ከዚያ ወዲያ በቃሬዛም ቢሆን። ዳኛው ፊት አስተኛዋለሁ።