ሞራ የገባበት ጧፍ

ጎንደር፣ አራዳ
እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ውድ እታገኘሁ፣

እንደ ደንቡ «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል፣ እኔ ደኅና ነኝ» ብዬ ልጀምር ብል ሁለት ወረቀት ቀድጄ ጣልሁ። ጤናውስ አለኝ፤ ደኅና ግን አይደለሁም። ደብዳቤ ጸሐፊ ልቅጠር ብዬ ፒያሳ ድረስ ሄጄ ነበር። ሰውዬው ብዕሩን አንሥቶ «እሺ እናቴ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?» ሲለኝ ነጠላዬን ሰብስቤ ተመለስሁ። ስለዚህ በስተርጅና በመሠረተ ትምህርት በለቀምሁት ፊደል ራሴ እየሞነጫጨርሁልሽ ነው። ሆሄው ቢወላገድ ሳቂብኝ፤ አንቺ ስትስቂ ከሰማሁ ብዙ ዘመኔ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ የቀበሌያችን አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። የጧፍ ሥራችን የኅብረት ሥራ ማኅበር ከሆነ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሊቀ መንበሯም እኔ ነኝ። «አርአያ የሆነ ማኅበር» ተብለን ተመርጠን፣ ልምድ አካፍይ ተብዬ መድረክ ላይ ወጣሁ። ካድሬው ጓድ በላቸው አስቀድሞ መክሮኛል፤ «ጓድ ይርገዱ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚባል ነገር እንዳታነሺ። 'የመብራት ውጤቶች' በይ» ብሎኛል። ጧፍን የመብራት ውጤት ሲለው ብትሰሚ ኖሮ ነጠላሽን አፍሽ ላይ አድርገሽ ትወጪ ነበር። እኔ ግን እንዳለኝ አደረግሁ። ጥራት አልሁ፣ ትዕግሥት አልሁ፣ የገዢ አመኔታ አልሁ። አዎ፣ አመኔታ! ምላሴ እንኳ አልተደናቀፈም።

ጨርሼ ልወርድ ስል አባይነሽ የምትባል ስፌት ሰፊ ከኋላ እጇን አነሣች። «እትዬ ይርገዱ፣ እኛም ሞሰባችን ከሌላው እንዲለይ ምልክት ልናደርግበት አስበን ነበር። ያንን ጧፋችሁ ላይ የምታስሩትን ቀይ ክር ማን ነው ያሰበው?» አለች።

«እኔ» አልሁ።

ተጨበጨበልኝ። ከመድረኩ የካድሬውን ክንድ ይዤ ወረድሁ። ሰው በደስታ ነው ብሎ አሰበ። እታገኘሁ፣ ያንን ክር ያሰብሽው አንቺ ነሽ። ከቀሚስሽ ጥለት ስትመዢው አጠገብሽ ተቀምጬ «ምነው ልብስሽን ታበላሺዋለሽ?» ብዬ የተቆጣሁሽ እኔ ነኝ።

የማውቀውን ለምን ትደግሚልኛለሽ ትይኝ ይሆናል። እኔ ራሴ በውሸቴ ልታለል ስለደረስሁ ነው የምደግመው። አንድ ጊዜ እንኳ እንደሆነው አድርጌ ልናገረው።

በ69 ዓ.ም. የእናቴ የወይዘሮ ይመኙሽ ጠጅ ቤት ገና ሞቅ ያለ ነበር። ጠጁ ሲጠለል የሚቀረውን ሰፈፍ ጓሮ እንደፋው ነበር። አንቺ ለባልሽ ለየኔታ ሀብተሥላሴ ጧፍ የሚሆን ሰም ፍለጋ መጣሽና ደነገጥሽ። «ምነው ይርገዱ፣ ይህን የመሰለ ሸጋ ሰም ለዶሮ ታስጭሪዋለሽ?» አልሽ። እንዲህ ነው የተጀመረው። እኔ ሰፈፉን አቅልጬ በጨርቅ አጠልላለሁ፣ ገበያ እወጣለሁ፣ አፍ አለኝ። አንቺ ፈትሉን ሰም እየነከርሽ በመዳፍሽ ታሺዋለሽ። እጅ አለሽ።

ክርክራችን ትዝ ይልሻል? ከያንዳንዱ ቅልጥ ሰም አንድ ጧፍ መዝዘሽ ታበሪና እስኪያልቅ ድረስ አጠገቡ ትቀመጫለሽ። ሰም ካንጠባጠበ፣ ከተንጣጣ፣ ከጨሰ፣ ሁሉንም መልሰሽ ታቀልጪዋለሽ። «ሴትዮ፣ ስትሞክሪ የምንሸጠውን ጨረስሽው!» እያልሁ እጮህብሽ ነበር። አንቺም ዓይንሽን ከመብራቱ ሳታነሺ «ገዢዋ ስታበራው እኔ አጠገቧ አልኖርም። አሁን ልይላት» ትይ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ልናገረው የሚገባኝ ይህ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

አራዳ ላይ ፈትሉ ወፍራም ሰሙ ስስ የሆነ ጧፍ በኛ ስም መሸጥ ሲጀምር ነው ቀይ ክሩን ያመጣሽው። ከዚያ ወዲያ ገበያተኛው «ባለ ቀይ ክሩን ስጪኝ» ማለት ብቻ ሆነ። ሥራው አደገ። በ70፣ በዚያ ክፉ ዓመት፣ ልጅ ተገድሎበት ማልቀስ የተከለከለ ሰው መጥቶ ጧፍ ሲጠይቅሽ ለማን እንደሆነ አትጠይቂም ነበር። ዝም ብለሽ ታስይዢዋለሽ፣ ዋጋ አትቀበዪም። እኔ «እንዲህ ሆኖ ንግድ የለም» እል ነበር። በኋላ ግን ያ ሁሉ ሰው ደንበኛችን ሆኖ ቀረ። አንቺ ይህን አስበሽ እንዳላደረግሽው አውቃለሁ። እኔ ግን አስቤዋለሁ፤ ይህም አንዱ የማፍርበት ነው።

በ74 ሰባት ደብር ከኛ ይወስድ ነበር። በዚያው ዓመት ማር ጠፋ። መንገዱ አስጊ ሆነና ከአርማጭሆ የሚመጣው ቀረ፤ እናቴም እንደ ሌላው ጠጅ ቤት ሁሉ በስኳር መጣል ጀመረች። ከስኳር ጠጅ ሰፈፍ አይወጣም። አንቺ ደግሞ ለአባትሽ ተዝካር ዳባት መሄድሽ ነበር። ማኪና ልትሳፈሪ ስትይ «ሰሙ ካለቀ ያለውን ያህል እንሥራ። 'የለም' ማለት ነውር አይደለም» ብለሽኝ ሄድሽ።

እኔ ግን ሳልነግርሽ ለሕማማት ለሦስት ሌሎች ደብሮች ቃል ገብቼ ነበር። «የለም» ብዬ አንድ ጊዜ የመለስሁት ገዢ ሌላ ቤት ሄዶ የሚቀርብኝ መሰለኝ። ቅበላ ነው፤ ከተማው በሙሉ ያርዳል፣ ሞራ እንደ ልብ ነው። ሁለት እጅ ሰም፣ አንድ እጅ ሞራ አደረግሁት። ሽታው እንዲጠፋ ጠጅ ሣር ጨመርሁበት። ራሴ ነከርሁት፣ ራሴ አሸሁት። እጄ ሲወዛ እያየሁ በቀሚሴ እየጠረግሁ ቀጠልሁ።

አንቺ ስትመለሺ የቀረሽ ማሰር ብቻ ነበር። አንዱን በጣትሽ ጫን አልሽው። «ይህ ሰም ምነው ለሰለሰ?» አልሽኝ። «አዲስ ነው፣ ከጭልጋ የመጣ ነው» አልሁሽ። አንድ ልታበሪ መዝዘሽ ነበር፤ ቸኩለናል ብዬ ከእጅሽ ቀማሁሽ። አመንሽኝና አሰርሽው።

የስቅለት ዕለት ስድስት ሰዓት ላይ በደብራችን ሕዝቡ እየሰገደ ሳለ ሽታው መጣ። መጀመሪያ ሰው እርስ በርሱ ተያየ፤ በዚያ ጾም፣ በዚያ ሰዓት፣ ቤተ መቅደስ ውስጥ የሥጋ ሽታ! ግብረ ሕማማቱን የሚያነቡት የኔታ ነበሩ። ጧፉ እጃቸው ላይ ቀልጦ ብራናው ላይ ተንጠባጠበ። እኔ ከሴቶቹ መካከል ነበርሁ፤ ግንባሬን መሬት ላይ አድርጌ ቀና ማለት አቃተኝ። አጠገቤ ያለችው ሴት እንዴት ያለች ጸሎተኛ ናት ሳትለኝ አልቀረችም።

በማዕዶት፣ በፋሲካው ማግስት ጠዋት የደብሩ ገበዝ ቄስ ወልደኢየሱስ ሁለታችንን አስጠሩን። ካህናቱም የሰንበቴው ሴቶችም ወይራው ሥር ተሰብስበዋል። ገበዙ መጽሐፉን ገልጠው ያንን ገጽ ወደ ፀሐይ አነሡት። ዘይት እንደ ጠጣ ጨርቅ ብርሃን አሳለፈ።

«ሰም ቢሆን በጥፍሬ አነሣው ነበር» አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ እንኳ አላደረጉም። «ይህ ሞራ ነው። ማን ነው የሠራው?»

ዝም አልሁ። አንቺ ዘወር ብለሽ አየሽኝ። ያን ጊዜ ነው የገባሽ፤ ጣትሽ የነገረሽን፣ ጧፉን ከእጅሽ የቀማሁሽን፣ ሁሉንም። ቁጣ አልነበረብሽም። ዓይንሽ «በይ እንጂ» ይል ነበር። «ሰሙን ያቀለጥሁት እኔ ነኝ» ለማለት አራት ቃል ይበቃኝ ነበር። ያ ሁሉ አፌ የት ገባ? ሰባቱ ደብር፣ አራዳ ያለው ደጃችን፣ ሰው መንገድ ላይ የሚሰጠኝ ሰላምታ፣ ይህ ሁሉ አሳሳኝ። አቀርቅሬ የእግሬን ጣት ማየት ጀመርሁ።

«ያሰርሁት እኔ ነኝ፣ አባቴ» አልሽ በመጨረሻ። «አብርቼ ሳልፈትን ያሰርሁት እኔ ነኝ።»

የተናገርሽው እውነት ነው። ሰዉ ግን ጥፋቱን እንዳመንሽ አድርጎ ሰማው። ጧፍ የእታገኘሁ እጅ ነው ሲባል የኖረ ስለሆነ ሌላ የጠየቀ አልነበረም። የኔታም «በቤቴ ጧፍ መጽሐፍ ካበላሸሁ በዚህ ማኅሌት አልቆምም» ብለው ደቀ መዛሙርታቸውን ትተው ወደ አገራቸው ወደ ዳባት ይዘውሽ ሄዱ። ስትሳፈሪ ነበርሁ። ከግንቡ ጥግ ተለጥፌ አየሁሽ እንጂ አልወጣሁም።

ይባስ ብዬ ደግሞ ከዚያ አተረፍሁ። «ጧፍ ሠሪዋ ተቀይራለች» እያልሁ በየደብሩ ዞርሁ። ገዢ የሚቆጣበት ሰው ካገኘ ቶሎ ይታረቃል፤ ይህን የተማርሁት ባንቺ ነው። ሦስት ወር ሳይሞላ ሁሉም ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሞራ ደጄን አልረገጠም፤ እንዳንቺ ከያንዳንዱ ቅልጥ አንድ እያበራሁ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ጧፉ ንጹሕ ነው። ንጽሕና የጎደለኝ እኔው ነኝ።

ለንስሐ አባቴ ለቄስ ሀብተ ማርያም በዓመቱ ተናዝዣለሁ። ጾምና ስግደት ሰጡኝና «የሴትዮዋን ስም ግን እኔ አልመልስልሽም። በሰው ፊት ነው የወደቀው፤ በሰው ፊት አንሺው» አሉኝ። ጾሙን ጾምሁ፣ ስግደቱን ሰገድሁ፣ ይህቺን ግን እንዳልሰማ አለፍኋት። ካፈርሁ አይመልሰኝ ማለት ይህ አይደል? አምና ደግሞ የአገርሽ ነጋዴ አያ አስማረ ሰም ሊሸጥልኝ መጥቶ ስለ አንቺ ጠየቅሁት። «ፈትል ትሸጣለች። ሰም ግን አትነካም፤ የኛም ቄሶች ጧፏን አንቀበልም ብለዋል። ሰዉ 'ባለ ሞራዋ' ይላታል» አለኝ። እኔም ሰሙን እያገላበጥሁ «ስንት ነው የምትለው?» አልሁት። ሰው ነኝ እኔ?

ከአዳራሹ ማግስት ወደ ገበዙ ሄድሁ። ሁሉን ነገርኋቸው። በወረቀት ጽፌ ስለነበር እርስዎ በሕዝቡ ፊት ያንብቡልኝ ብዬ ዘረጋሁላቸው፤ አልተቀበሉኝም። «ዝም ያልሽው በራስሽ አፍ ነው፤ አንቺው አንብቢው» አሉ።

ዛሬ ቅዳሴ እንዳበቃ አነበብሁት። ፊደሉ እየጠፋብኝ፣ ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው እየጀመርሁ። ሰሙንም ሞራውንም፣ ከእጅሽ የቀማሁሽንም ጧፍ፣ ቀይ ክሩንም ተናገርሁ። ማኅበርተኞቼ ትተውኝ ሄዱ። ነገ ጓድ በላቸው የሚለኝን እሰማለሁ፤ ሊቀ መንበርነቱም ሥራውም ከእጄ ይውጣ፣ የተገባ ነው። ገበዙ ለዳባት ካህናት የጻፉትን፣ የደብሩ ማኅተም ያለበትን ቃል ከዚህ ጋር በአያ አስማረ እጅ ልኬልሻለሁ። ለየኔታ አስቀድመሽ አሳዪያቸው። እኔ እርሳቸው ፊት የማቆመው ዓይን የለኝም።

የሰደበኝ ሰው አልነበረም። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። አንዲት አሮጊት ብቻ፣ ያን ቀን ወይራው ሥር ከነበሩት አንዷ፣ «ታዲያ እታገኘሁ ያን ጊዜ እውነቱን እያወቀች ምነው አልተናገረችም?» ብላ ጠየቀች። መልሱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እኔ እንድናገረው እየጠበቅሽ ነበር። አምስት ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው፤ ይህን ሁሉ ጊዜ አስጠበቅሁሽ።

ይቅር በይኝ ብዬ አልጽፍልሽም፤ እሱን ዳባት መጥቼ፣ በርሽ ላይ ቆሜ እለምንሻለሁ። ባትከፍቺልኝም ቆሜ እመለሳለሁ።

ሞራውን የጨመርሁት፣
ይርገዱ ላቀው