ከብረት ቆቡ ሥር ያለው ማን እንደሆነ ለነገሩን ጓድ

ለጓድ ፈለቀ ሻንቆ
የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ጂንካ
ሚያዝያ 1982 ዓ.ም.

ክቡር ጓድ ሊቀመንበር፣

ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ሰሞኑን የያዙት የንባብ ሥራ ከባድ መሆኑን ስለሰማሁ በተለይ ለዓይንዎ ብርታት እመኛለሁ። እኔ ገበያው ዳር ልብስ የምሰፋው የሺሀረግ ዳርጌ ነኝ፤ የካኪ ሱሪዎን ወገብ ሁለት ጊዜ ያሰፋሁልዎ። ይህን ደብዳቤ በንባብ ቤታችን በር ላይ የለጠፍኩት፣ በፖስታ ባደርገው እርስዎ ብቻ አንብበውት እንዳይቀር ሰግቼ ነው።

መንገደኛም ቆሞ ቢያነበው እንዳይቸገር ነገሩን ከሥሩ ላንሳ። አናጢው ሶርሳ፣ መምህር ውባየሁና እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ በንባብ ቤቱ በተቀመጠ አንድ ወፍራም መዝገብ ላይ ተረት ስንጽፍ ቆይተናል። ሁሉም የየራሱን ይጽፋል፤ አገሩ ግን አንድ ነው፤ ዘጠኝ በር የሚባል፣ በዓለም ካርታ ላይ የሌለ አገር። አንባቢዎቻችን ታዲያ ከእኛ ከጸሐፊዎቹ ብሰው ተገኙ። በሶርሳ ተረት ያነከሰው በሬ በመምህሩ ተረት ውስጥ በጓሮ ሲያልፍ አይተው ያው ራሱ ነው አሉ፤ እኔ ሳላስበው የጻፍኳት ዓይነ ስውር ውሃ ቀጂ የንጉሡን ምስጢር ታውቃለች ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ ሲበዛ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ የሁሉንም ስም ጽፈው፣ ማን ከማን እንደሚገናኝ በመስመር አያይዘው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። እርስዎም ከሁለት ጥበቃዎች ጋር መጥተው መዝገቡን ወሰዱ፤ ወረቀቱን ወሰዱ፤ ከተረቶቹ የሚበዙት የእሱ ናቸው ብለውም ሶርሳን ወሰዱ። መምህሩንና እኔን በማስጠንቀቂያ አለፉን። ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው።

ስለሆነም ምስጋናችንን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

1ኛ. በወረቀቱ ላይ ያሉት መስመሮች የኅቡዕ ድርጅት መዋቅር መሆናቸውን ስለገለጹልን እናመሰግናለን። አርባ የሚሆን አንባቢ ሁለት ዓመት ተጨቃጭቆ የአንድ በሬን ማንነት እንኳ ሊቆርጥ ሲያቅተው፣ እርስዎ በአንድ ከሰዓት በኋላ በሬውን፣ ንጉሡን፣ ውሃ ቀጂዋንና ዘጠኙንም በሮች በአንድ ሴል አደራጅተው ጨረሱት። እንዲህ ያለ አንባቢ በመካከላችን እያለ ሳናውቅ መኖራችን ያሳፍረናል።

2ኛ. ከቱርሚ ጋር ያለንን ግንኙነት ስለደረሱበት እናመሰግናለን። እርግጥ ነው፣ ግንኙነት አለን። ሾፌሩ ነጋሽ ጭነት ይዞ ሲመለስ፣ በቱርሚ ተረቱን ከእሱ አፍ የሰሙ ሰዎች ውሃ ቀጂዋ ከመጀመሪያውም ሞታ ነበር እንዳሉ፣ ወይጦ ላይ ምሳ ሲበላ ያገኛቸው ደግሞ ይህን ሰምተው እንደተቆጡ ነግሮናል። እርስዎ ይህ መልእክት በምስጢር ቃል የተላለፈ ነው ብለዋል። ነጋሽን የሚያውቅ ሁሉ ግን እሱ ምስጢር ቢነገረው ከወይጦ ድልድይ ወዲህ እንደማያደርሰው ይመሰክራል።

3ኛ. ክንፍ ያለው በሬ በከተማው መሃል ባለ ሣር ሜዳ ላይ ሲያርፍና እረኞች ከብቶቹን ሲያባርሩለት የሚያሳየው ተረት፣ የአውሮፕላን ማረፊያችንን ለጠላት የሚጠቁም ነው ተብሏል። ጓድ ሊቀመንበር፣ የአውሮፕላን ድምፅ በተሰማ ቁጥር ከሜዳው ላሞች የሚባረሩ መሆናቸው ምስጢር ከሆነ፣ ምስጢሩን ከሁሉ ቀድመው ያወቁት ላሞቹ ናቸውና ምርመራው ከእነሱ ቢጀመር።

4ኛ. ከሁሉ በላይ የምናመሰግንዎ ስለ ባለ ብረት ቆቡ ዳኛ ነው። ይህ ዳኛ በሶርሳ ተረት ውስጥ ጆሮውን የሚሸፍን የብረት ቆብ ደፍቶ ምስክር ሳይሰማ የሚፈርድ ሰው ነው። ከቆቡ ሥር ያለው ማን ነው የሚለው የአንባቢዎቻችን ትልቁ ጥያቄ ነበር። መምህር ውባየሁ የጠፋው የንጉሡ ወንድም ነው ይላሉ፤ እኔ ቆቡ ባዶ ነው እላለሁ። ከአርባው አንባቢ እርስዎ ነዎት ያለ አንድም አልነበረም። በምርመራው ጊዜ ሶርሳን «ይህ እኔ ነኝ አይደል?» ብለው የጠየቁት እርስዎ ራስዎ ነዎት። ሳይጠሩት አቤት ማለት ይሏል ይህ ነው።

አሁን ደግሞ ቁጥር የማልሰጠውን ልናገር፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ሲደርስ ትሕትናዬ ያልቅብኛል። ሶርሳ ፊደል የቆጠረው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። የምስክር ወረቀቱን በሕዝብ ፊት የሰጡት እርስዎ ነዎት፤ «ከእንግዲህ ብዕር መሣሪያህ ነው» ብለው ያጨበጨቡለትም እርስዎ ነዎት። ሰውየው የታዘዘውን አደረገ። በአሪኛ ያደገበትን ተረት በአማርኛ ጻፈ። ባለቤቱ እልፍነሽ በየቀኑ ምሳ ይዛ ከቀበሌው በር ላይ ትቆማለች፤ ስትመለስ ወደ ቤቷ አትሄድም፤ ከእኔ ዘንድ መጥታ ባዶውን የምሳ ዕቃ ታቅፋ ከስፌት መኪናው አጠገብ ትቀመጣለች። ያንን የምሳ ዕቃ እያየሁ መስፋት አልቻልኩም። ተናድጃለሁ፤ መናደዴንም አልደብቅም።

ለስብሰባ አዳራሽዎ ያዘዟቸው ወንበሮችም በሶርሳ ደጅ በሦስት እግር እንደቆሙ መሆናቸውን በዚሁ አጋጣሚ አስታውሳለሁ።

መዝገቡን በተመለከተ አይጨነቁ። አንባቢው ሁሉ በቃሉ የያዘውን እየጻፈ አሁን ስድስት ደብተር ሞልቷል። ስድስቱ እርስ በርስ ስለማይስማሙ ክርክሩ ካለፈው ብሷል፤ አዲስ ወረቀት ተሰቅሏል፤ መስመሮቹም በዝተዋል። ተረት መጻፍ ወንጀል ከሆነ የእኔ ሃያ ሦስት ተረቶች በመዝገቡ ውስጥ ከነስሜ አሉልዎ። ከስፌት መኪናዬ አልነሳም፤ መምህር ውባየሁም ከክፍላቸው አይጠፉም። ወይ ሦስታችንንም ይውሰዱ፣ ወይ ሶርሳን ዛሬውኑ ይልቀቁ። በመካከል ያለ ነገር አንቀበልም።

የዘጠኙ በሮች ጠባቂዎች ሁሉ መልካም ዕድሜ እንዲሰጡዎ እየተመኘሁ፣ ለሱሪዎ ወገብ እንጂ ለቁጣዎ የማልሰፋ፣

አክባሪዎ
የሺሀረግ ዳርጌ

ማስታወሻ፦ መዝገቡን ከመውረስዎ ከአንድ ወር በፊት ለዘጠኝ ቀን ተውሰውት እንደነበር የንባብ ቤቱ ደብተር ያሳያል። ሲመልሱት በገጽ አርባ አንድ ጠርዝ ላይ በአረንጓዴ ቀለም «ዳኛው የውሃ ቀጂዋ ልጅ ሳይሆን አይቀርም፤ ቀጣዩ መቼ ይወጣል?» የሚል ተጽፎ አግኝተናል። በዚህ ቀበሌ አረንጓዴ ብዕር ያለው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ የመውረሻ ትእዛዙም የተፈረመው በእሱ ነው። ጥያቄዎን በእልፍነሽ በኩል ለሶርሳ አድርሰናል። እስኪታሰር ድረስ የዳኛውን መጨረሻ አስቦት እንደማያውቅ፣ እርስዎ ግን ለማሰቢያ የሚሆን አሥራ አንድ ቀን እንደሰጡት ገልጾ፣ አመስግኑልኝ ብሏል።